ባለ ፎቁ ቤቴ

ሰቆጣ፣ ጥቅምት 21 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ ሰኞ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

ቀይ ለብቻ፣ ነጭ ለብቻ። ሰፌድ ላይ እየለየሁ ነው። ከመ/ቤት እንደወጣሁ ቀጥታ ጋሽ ሰይድ ሱቅ ሄድኩ። የልባሽ ጨርቅ ቦንዳ ፈትቶ ነበር። ከአንድ የሕፃን ካፖርት ኪስ ሁለት መስኮት አግኝቶ አስቀመጠልኝ። የሚከፈት፣ የሚዘጋ! ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ለስንተኛው ልጅህ ነው ብሎ አሾፈብኝ። ልጅም ሚስትም እንደሌለኝ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

አንቺን ምን እደብቅሻለሁ፣ ማስታወሻዬ። የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነኝ። የመ/ቤቱ መጋዘን ኃላፊ። ማታ ማታ ወለል ላይ ተቀምጬ በፕላስቲክ ጡብ ቤት እሠራለሁ። እርስ በርሳቸው የሚነካከሱ ጡቦች። ሲያያዙ ጠቅ ይላሉ። ያቺን ድምፅ ስሰማ የቀኑ ጭቅጭቅ ሁሉ ይጠፋልኛል።

ባለ አንድ ፎቅ ነው። ምድር ቤቱ አልቋል። ፎቁ ተጋምሷል። ጣሪያው ገና።

ጥቅምት 27፣ እሑድ

ቪዲዮ ቤት ዋልኩ። ከወልድያ አዲስ ሲዲ መጥቷል፤ የጡቦቹ ሰዎች ፊልም! እነዚያ ፊታቸው ቢጫ፣ እጃቸው መንጠቆ የሆነ ትንንሾቹ። ድልድይ ይሠራሉ፣ ጎርፍ ይወስደዋል፣ መልሰው ይሠራሉ። ወሬው በእንግሊዝኛ ነው። ባለቤቱ ተርጉምልን ብሎ ለመነኝ። ቆሜ በአማርኛ፣ ቀጥዬ በዋጉ አገውኛ፣ በኽምጥኛ። ፍየል ሸጠው የሚያድሩ የአበርገሌ ሰዎች ሞልተው ነበር። አማርኛው ሲመጣ ዝም፣ ኽምጥኛው ሲመጣ ሳቅ።

ከኒሯቅ የመጡ አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። እነዚህ ሰዎች ጉልበታቸው አይታጠፍም፤ ታዲያ እንዴት ይሰግዳሉ? ብለው ጠየቁ። ስንት ዓመት ስነካካቸው ይህ አልታየኝም። ዝ. ከኋላ ወንበር እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

ዝ. ማለት ዝናሽ ናት። ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ትሠራለች። ጡቦቼን ስታይ ያልሳቀችብኝ ብቸኛ ሰው። መጀመሪያ ቀን ቁጭ ብላ ደረጃውን የሠራችው እሷ ናት። አገባታለሁ። ይኸው ጻፍኩት።

ኅዳር 6፣ ማክሰኞ

ገበያ። አጎቴ ከሰቆጣ ዙሪያ ፍየል ይዞ ወጣ። አባቴ ከሞተ ወዲህ አባቴ እሱ ነው። ሽማግሌ ሁነህ ወደ ዝ. አባት ሂድልኝ አልኩት። ፍየሏን ለቆ አቀፈኝ። ገዢው ፍየሏን ሲያባርር ዋለ።

ኋላ ደግሞ ስለ ኑሮዬ ጠየቀኝ፣ በኽምጥኛ። ከሥራ መልስ ምን ታደርጋለህ? ብሎ። የኔ ነገር ‘የሚገጣጠም ጡብ’ የሚለው በኽምጥኛ አልመጣልኝ አለ። ማን ይህን ብሎት ያውቃል! በቃ ቤት እየሠራሁ ነው አልኩት። ባለ ፎቅ፣ ግድግዳው ቀይና ነጭ፣ ጣሪያው ብቻ ቀረኝ። ዓይኑ እንባ ሞላ። እጁን ዘርግቶ መረቀኝ።

ማስታወሻዬ፣ ስለ ጡቦቼ ዘመድ ሲመርቀኝ የመጀመሪያዬ ነው። አምና እኔ ጋ ሲያድር በባዶ እግሩ አንዷን ረግጦ እስከ ሰባት ትውልዴ ረግሞኝ ነበር። ሰው ይለወጣል። ደስ ብሎኛል።

ኅዳር 11፣ እሑድ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ሽማግሌዎቹ ሄደው ተመለሱ። አጎቴ ከሩቅ እየሳቀ ነው የመጣው። አቶ ደርበው፣ የዝ. አባት፣ ፊት አልነሷቸውም። ማር ነጋዴ ናቸው፤ ንግግራቸውም እንደ ሚዛናቸው ነው፣ ትርፍ የለውም። ልጁ ምን አለው ብለው ጠየቁ። አጎቴ ተነሥቶ፣ ባለ ፎቅ ቤት ሠርቶ ጣሪያ ብቻ ቀርቶታል ብሎ መሰከረ።

ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ።

የቱን ቤት ነው ያልከው? አልኩት። ያንተን ነዋ አለኝ። እጁን ይዤ አስገባሁትና ወለሉ ላይ ያለውን አሳየሁት። ቆሞ አየው። ጎንበስ ብሎ አየው። ከዚያ ቁጭ ብሎ ራሱን ያዘ። አማርኛው ጠፋው፤ በኽምጥኛ ብቻ ያጉረመርማል።

ነገሩ ቀልድ ቢሆን በሳቅን። አይደለም። የዝ. ታላቅ እህት፣ ሽማግሌዎች ቆርቆሮ ቤት አለው ብለው ለመሰከሩለት ሰው ተድራ፣ ሰውየው የኪራይ ቤት ይዞ ነው የተገኘው። ዛሬ ልጇን ይዛ አባቷ ቤት ናት። አቶ ደርበው ለአጎቴ ይህንኑ ነግረውታል። ሁለተኛ በቤት አልታለልም፤ ቅዳሜ መጥቼ በዓይኔ አያለሁ ብለዋል።

ኅዳር 12፣ ሰኞ

ለዝ. ነገርኳት። በመጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ ሳቋ ቆመ። እህቷ የተመለሰች ቀን አባቷ በር ዘግተው እንዳለቀሱ ነገረችኝ። አንቺ አስረጂልኝ አልኳት። በፍጹም አለች። የምታገባው እኔን ከሆነ ለአባቴ አንተ ንገረው። ቆጣ ብላ ሄደች። ካርድ ክፍሉ በር ላይ ስትደርስ ዞር ብላ አየችኝ። በዚያች ዞር ማለት ነው የዋልኩት።

ኅዳር 13

አጎቴ መላ አምጥቷል። የአንድ ወዳጁ ልጅ ከከተማው ዳር ባለ ፎቅ እየሠራ ነው፤ ራሱ ሑመራ ነው ያለው። ጣሪያም የለውም፣ ልክ እንዳልከው! ቅዳሜ ያንን እናሳያቸው፣ ሌላውን እግዜር ያውቃል ይላል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያስታርቅ የኖረ ነው። ዋሾ ሽማግሌ ከሚባል ሞቱን ይመርጣል።

እውነቱን ልንገርሽ? አመነታሁ። ሄጄም አየሁት። ቆንጆ ቤት ነው። በረንዳው ላይ ቆሜ፣ ዝ. እዚህ ጋ ስትቆም ታየችኝ። አፈርኩ። ወረድኩ።

ኅዳር 15፣ ሐሙስ

ጾም ገባ። ሆዴም ልቤም ባዶ።

ጡቦቹን በጆንያ ከትቼ ለጋሽ ሰይድ ልመልስ ወሰንኩ። ትልቅ ሰው ልሁን። ጆንያውን ተሸክሜ ሱቁ ደረስኩ። ጋሽ ሰይድ ከባንኮኒው ሥር ከረጢት አወጣ። የጣሪያ ቁራጭ! ቀይ፣ ተዳፋት፣ ሙሉ ከረጢት! ከአዲስ ቦንዳ የወጣ። ጆንያውንም ከረጢቱንም ይዤ ተመለስኩ። እኔ አልረባም።

ምሽት ላይ ቤቱን መልሼ ገጥሜ ጣሪያውን ጨረስኩ። አሁን ቤቱ ሙሉ ነው። ተንጋልዬ አየዋለሁ። ያምራል። ያምራል! ይህን ነገር የምወደው ልጅ ስለሆንኩ ነው? አይደለም። በልጅነቴ እንኳን ፕላስቲክ፣ መጫወቻ የሚባል አላየሁም። ትልቅ ሰው ሆኜ ያገኘሁት ነው። ትልቅ ሰው ሆኜ ነው የምወደው።

የሰው ቤት አላሳይም። ለአጎቴ ነገርኩት። ተቆጣ፣ ለመነኝ፣ ደግሞ ተቆጣ። ከዚያ ወጥቶ ሄደ።

ኅዳር 17፣ ቅዳሜ

በቅደም ተከተል ለመጻፍ ልሞክር።

አቶ ደርበው ጠዋት መጡ፣ ብቻቸውን፣ በትራቸውን ይዘው። ዝ. ቀድማ ደርሳ በር ላይ ቆማ ነበር፤ የመጣችው በራሷ ነው፣ አልጠራኋትም። አባቷ አይተዋት አለፉ። አስገባኋቸው። ቤቱ የት ነው? አሉ። ይኸው አልኩና ወደ ወለሉ አመለከትኩ። አጎቴ ያለው ይኸንን ነው፣ እሱ አልዋሸም፣ እኔ በኽምጥኛ በትክክል መናገር አቅቶኝ ነው፣ ሌላ ቤት የለኝም፣ የምኖረው እዚህ ኪራይ ቤት ነው፣ ከእናቴ የወረስኩት ባዶ ቦታ አለ፣ ግድግዳው ፈርሷል። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ።

ተቀመጡ። በትራቸውን ግድግዳ አስደገፉ። ጣሪያውን በሁለት ጣታቸው ብድግ አደረጉት። ውስጡን አዩ። መስኮቱን ከፈቱ፣ ዘጉ። ደግመው ከፈቱ። ጓዳው የት ነው? አሉ። የለውም። እንግዳ ቢመጣ የት ይተኛል? አላሰብኩበትም። የቤቱን ሥዕል ያየሁት ከውጭ አገር የጡብ ካርቶን ላይ ነው፣ እነሱ እንግዳ አያሳድሩም መሰለኝ አልኩ። ዝ. አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

ከዚያ መጣ የፈራሁት። ልጄን ብሰጥህ ይህን ትተዋለህ?

ማስታወሻዬ፣ እተዋለሁ ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። ቀላል ነበር። ግን ሰውየው ፊት የተቀመጠው እውነት ብቻ ነው፤ በላዩ ምን ይጨመራል? አልተውም አልኳቸው። ከሥራ አያስቀረኝም፣ ደሞዜን አይበላም፣ ሰው አይጎዳም። ግን አልተውም።

ዝ. ወደ መሬት ታያለች።

አቶ ደርበው ያሉትን ቃል በቃል ነው የማስቀምጠው፤ ልረሳው አልፈልግም፦ ‘ያኛው አማቼ የጠየቅኩትን ሁሉ እሺ ብሎኝ ነበር። መጠጡን እተዋለሁ አለ፣ ቤቱን እጨርሳለሁ አለ። እንቢ ያለኝ ሰው አንተ የመጀመሪያው ነህ።’

ይህን እንዳሉ በሩ ጨለመ። አጎቴ! ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ፣ ወገቡ ጎብጦ፣ እግዜር ያሳያችሁ ይቅር በሉኝ እያለ። ዋሽቼ ሳይሆን ተሳስቼ ነው፣ ግን ምስክርነቴ ሐሰት ሆኗልና ይቅር በሉኝ። ድንጋዩ ደግሞ ትንሽ አይደለም። በዕድሜው ይህን ከየት አምጥቶ እንደተሸከመው አላውቅም። አለቀስኩ፤ አላፍርም።

አቶ ደርበው ብድግ ብለው ደገፉት። ይቅር ብዬሃለሁ፣ አስቀምጠው አሉ። አጎቴ እንደ ወጉ ወደ ውጭ ሊጥለው ሲል ያዙት። አትጣለው አሉ። ለልጁ ቤት ማዕዘን ይሆናል።

ከዚያ ወደ እኔ። ከፋሲካ በፊት አንድ ክፍል፣ ከነጓዳው፣ በእናትህ ቦታ ላይ። ፎቅ አልጠየቅኩህም። ያኔ ሽማግሌህን መልሰህ ላክ። በትራቸውን አንሥተው ወጡ። በሩ ላይ ቆም አሉ፤ ጉልበታቸው የማይታጠፍ ሰዎች ፊልም ያንተ ነው የሚባለው እውነት ነው? አሉ። የኔ አይደለም፣ እኔ ተርጓሚው ነኝ አልኩ። አንድ ቀን አየዋለሁ አሉ።

ኅዳር 18፣ እሑድ፣ ከሰዓት

ከቤ/ክ መልስ ዝ. መጣች። ድንጋዩን ወደ እናቴ ቦታ እንውሰደው አለች። ለሸክም ሰው እንጥራ አልኩ። የኛ ነው፣ እኛ እንሸከመው አለች። አንዱን ጫፍ እሷ፣ አንዱን እኔ። ስናርፍ፣ ስንነሳ፣ ስንሳሳቅ። እጄ ተላጠ።

መንገድ ላይ የሚያየን ሁሉ ገለል ይላል። መጀመሪያ አልገባኝም። ድንጋይ ተሸክመው ይቅርታ ሊጠይቁ የሚሄዱ መስለናቸው ነው! ወንዶቹ ባርኔጣቸውን ያነሣሉ። አንዲት እናት እግዜር ያስታርቃችሁ ብለው መረቁን። ድልድዩ ጋ የማናውቃቸው ሽማግሌ አስቆሙን። አዘኑልን። ገና ልጆች ናችሁ፣ ማንን በድላችሁ ነው? አሉ። አብሬያችሁ ሄጄ ላስታርቃችሁ አሉ። በትራቸውን አስተካክለው ሊነሡ ነው!

እኔ መልስ ሳፈላልግ ዝ. ድንጋዩን መሬት አስቀመጠች። ላቧን ጠረገች። ማንንም አልበደልንም አባቴ፣ ቤት እየሠራን ነው አለች።

እየሠራን ነው አለች።

ቦታው ላይ ነኝ አሁን፣ በጉልበቴ ላይ ነው የምጽፍሽ። ዝ. ማዕዘኑ ላይ ቆማ ጓዳው በየት በኩል እንደሚሆን በእግሯ መሬት ላይ እያሰመረች ነው። እኔ ካሰብኩት ተቃራኒ ነው። ተሳስተሻል ልበላት ብዬ አየሁት፤ የሷ ይሻላል። ነገ ከሥራ በኋላ መሠረት መቆፈር እጀምራለሁ። አካፋ ከጋሽ ሰይድ እዋሳለሁ። እየጠራችኝ ነው፣ የመሠረቱን መለኪያ ክር ያዝልኝ ትላለች። ልሂድ።