ሽመላዋ ሙሉ የታየችበት ቦታ

ውድ ወንድም ጋሼ ታካኖሪ፣

እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ጋራዥ ውስጥ ተጎንብሰህ ስትውል ያ ወገብህ አሁንም ያስቸግርሃል? ማርሲያ ደህና ናት? ናኦና ቲያጎስ አደጉልህ? እዚያ ሳኦ ፓውሎ ሙቀቱ እየገባ ይሆናል፤ እኛን ደግሞ የጠዋቱ ብርድ ጀምሮን፣ ከሥሩ የሚሞቀውን ጠረጴዛ አውጥቼ ልብሱን አልብሼዋለሁ።

«እኛ ደህና ነን» ብዬ ብጽፍልህ ግማሹ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ በስልክ ልነግርህ አልቻልኩም፤ ቤቱ ጠባብ ነው፣ እማዬም ዓይኗ ቢደክም ጆሮዋ አይጥ ስትሄድ ይሰማል።

ባለፈው በቪዲዮ ስትደውል «እማዬ ስልኩ ላይ ለምን ፊቷን ታዞርብኛለች? ለአባባ ቀብር ስላልመጣሁ ነው?» ብለህ ጠየቅከኝ። ድምፅህ ተሰብሮ ነበር። እውነቱን ልንገርህና እኔም ቂም የያዘችብህ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን መልሱን አግኝቼዋለሁ። ያገኘሁትም አባባ ይሠራበት በነበረው መዝናኛ፣ የማታውን ትርኢት የምናይበት ጥሩ ቦታ ስፈልግ ነው።

ትርኢቱ በዚህ ወር መጨረሻ ይቀራል። ማስታወቂያውን ሳነብላት እማዬ የያዘችውን ሻይ አስቀመጠችና «ሽመላዋ ክንፏን ስትዘረጋ አንድ ጊዜ ልያት፤ ከዚያ በኋላ ዓይኔ እንደፈለገው ይሁን» አለች። አባባ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጥቁር ለብሶ፣ በጥቁር ጀልባ፣ ያቺን የብርሃን ወፍ በኩሬው ላይ ሲጎትት እንደኖረ ታውቃለህ። ሐኪሙ የእማዬ እይታ ከዳር ከዳር እየጠበበ መሆኑን ነግሮኝ ነበር። እኔ ግን ለደከመ ዓይን የሚበጀው መቅረብ ነው ብዬ፣ ከፊት ካላስቀመጥኳት ሞቼ እገኛለሁ አልኩ።

ደንቡን አትረሳውም መቼም። ከቀኑ አሥር ሰዓት በፊት ምንጣፍ ማንጠፍ ክልክል ነው፤ ሰው ያልተቀመጠበትን ምንጣፍ ደግሞ ጠባቂዎቹ ጠቅልለው ይወስዱታል። እኔና እማዬ ከኩሬው አጥር ሥር፣ የመጀመሪያው ረድፍ መሐል ላይ፣ ጫማችንን አውልቀን ሦስት ሰዓት ተኩል ተቀመጥን። ጉልበቷን እያሸች አንድም ጊዜ አላማረረችም። አጠገባችን ወይዘሮ ኢሶቤ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ፤ በየሳምንቱ ስለሚመጡ ቦታቸው ርስታቸው ሆኗል። ከያዝነው የሩዝ ድብልብል አካፈልኳቸው፣ እሳቸውም መከዳቸውን ለእማዬ ሰጧት።

ትርኢቱ ሲጀመር እማዬ አንገቷን ከወዲህ ወዲያ ታመላልስ ጀመር። ሰው ወደ ሰማይ ሲያይ እሷ ውኃውን ታያለች፤ ሰው አጨብጭቦ ሊጨርስ ሲል እሷ ትጀምራለች። ሲያልቅ «እንዴት ነበር?» ብላት «ደስ ይላል፣ በጣም ደስ ይላል» አለችኝ። ወይዘሮ ኢሶቤ ግን ምንጣፋቸውን እያጠፉ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «የኔ ልጅ፣ እናትሽ ወፏን አላዩዋትም። ባሌም እንዲሁ ነበር። ለሳቸው ይሄ ቦታ አይሆንም» አሉኝ። ደሜ ፈላ። «ከዚህ የተሻለ የት አለና ነው? ወይስ ቦታችንን ፈልገውት ነው?» አልኳቸው። ምነው አፌን በቆረጠው!

ባቡር ውስጥ እማዬን አፋጠጥኳት። «ነጭ ነገር አየሁ፤ ዳርቻው ግን አላልቅ አለኝ» አለች ቀስ ብላ። ለምን እዚያው እንዳልነገረችኝ ስጠይቃት ደግሞ «እንዲያ ደክመሽ ያገኘሽውን ቦታ እንዴት አይረባም ልበልሽ?» አለች። እኔም «ታዲያ ይህን ሁሉ ሰዓት እንደ ችካል የተተከልኩት ለማን ነው?» ብዬ ሰው እስኪዞር ጮህኩባት። ቤት እንደገባን ኮሪደሩ ላይ ተንበርክካ ምንጣፉን በዳበሳ ትወለውል ጀመር።

ያኔ አንጀቴን በላችው። የሐኪሙ ቃል ትዝ ብሎኝ ጋዜጣ ጠቅልዬ እንደ ቱቦ አደረግኩና አንድ ዓይኔን ጨፍኜ በቀዳዳው አየኋት። አጠገቧ ሆኜ ሳይ የሚታየኝ ከንፈሯ ብቻ ነው። ወደ ግንባሯ ስሄድ ከንፈሯ ይጠፋብኛል። ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ እያልኩ በሩ ጋ ስደርስ ግን እማዬ ከነምንጣፏ፣ ከነጨርቋ፣ ሙሉዋን ቀዳዳው ውስጥ ገባች። እዚያው በሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ለካ ከፊት ያስቀመጥኳት እኔው ነኝ ወፏን የከለከልኳት።

ባለፈው እሑድ ተመልሰን ሄድን። ብታምነኝም ባታምነኝም፣ እግሬ ለምዶ አሥር ሰዓት ላይ ምንጣፌን ይዤ አጥሩ ሥር ተገኘሁ። ወይዘሮ ኢሶቤን ጎንበስ ብዬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ሳቁና «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም! ስጪኝ ያንን ምንጣፍ» ብለው ነጠቁኝ። ባላቸውን ይወስዱበት የነበረውንም ቦታ ነገሩኝ፤ ከኩሬው ማዶ ካለው ሽንት ቤት ጀርባ፣ ዳገቱ ላይ ያለው መንገድ ነው። «ሽታውን ቻዪው፤ ብቻ እዚያ አያስቆሙሽም፣ መተላለፊያ ነው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ገና ከመድረሳችን ባለፋኖሱ ጠባቂ «እባካችሁ መቆም አይቻልም፣ እለፉ» አለን። አንድ ጊዜ ብቻ ብዬ ለመንኩት፤ እሱም አጎንብሶ ያንኑ ደገመልኝ። ትርኢቱ ተጀምሯል፣ የሚቀረንም ሌላ ቀን የለም፤ የማክሰኞ ቀጠሮዋ ለዓይኗ ቀዶ ሕክምና አድርገው የሚያሽጉበት ነበር። እማዬ ግን ክንዴን ያዘችና «መቆም ነው የተከለከለው፤ መሄድ ማን ከለከለን?» አለች።

ስለዚህ ሄድን። አሥር እርምጃ ወደ ላይ፣ አሥር እርምጃ ወደ ታች፣ መንገድ እንደ ጠፋበት ሰው ስንመላለስ ጠባቂው ጀርባውን ሰጥቶን ፋኖሱን ይጠራርግ ጀመር። ከታች ሽመላዋ ከውኃው ብድግ አለች። እማዬ እርምጃዋን ሳታቋርጥ «አየኋት! ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ሁለቱም ክንፎቿ!» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጀልባው አይታይም። ጥሩ ነው፤ አባታችሁ ከታየ ይናደድ ነበር» አለችኝ። ደስ አለኝ፣ ደስታዬ ግን ሁለት ቀን አልሞላም።

ማክሰኞ ሐኪሙ ቀዶ ሕክምናውን ካደረገላት በኋላ ለብቻዬ ጠርቶ፣ ጥበቱ ካሰበው በላይ መፍጠኑን ነገረኝ። ዓይኗ ለአዲስ ዓመት እንኳ መድረሱን እርግጠኛ አይደለም። አንተ ደግሞ ብርዱ ካለፈ በኋላ በጸደይ እመጣለሁ ብለሃል። ወንድም ጋሼ፣ ጸደይ ሩቅ ነው። እንደምንም ብለህ በኅዳር ና።

አሁን ጥያቄህን ልመልስልህ። እማዬ ስልኩን ፊቷ ላይ ስትለጥፈው የሚታያት አንዴ አንድ ዓይንህ፣ አንዴ አገጭህ ነው። ፊቷን የምታዞረው የቀረውን ፊትህን ፍለጋ ነው እንጂ ተቀይማህ አይደለም። «ልጄ ከሳ መሰለኝ፣ ጉንጩ አልገኝ አለኝ» እያለች ስትጨነቅ ሰምቻታለሁ።

ስትመጣ አደራህን፣ አየር ማረፊያው በር ላይ ስታያት ሮጠህ እንዳታቅፋት። ሆድህ ቢባባም ቻለው። ሻንጣህን አስቀምጥና ራቅ ብለህ ቁም፤ ከጸጉርህ እስከ ጫማህ ሙሉህን ትይህ። «አየሁት» ስትል እጄን አነሣልሃለሁ፤ ያኔ ና።

ለማርሲያ ከልብ የሆነ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ የላከችውን ሹራብ እማዬ ከላይዋ አላወለቀችውም። ናኦን አክስትሽ ትልቅ ሆነሽ እስካይሽ ቸኩላለች በልልኝ። ለቲያጎ ጉንጩን ስሞልኝ። ወይዘሮ ኢሶቤም ሳያውቁህ ሰላም ብለውሃል። እማዬ ይህን ስጽፍ የብዕሩን ድምፅ ሰምታ «ለማን ነው?» ብትለኝ ላንተ መሆኑን ነገርኳት። «ጉንጩ እንዴት እንደሆነ ጠይቂልኝ» ብላሃለች።

እህትህ ቺዙኮ
ፉናባሺ፣ ኦክቶበር 24 ቀን