ባዶ የተቆለፉት ሃያ ቤቶች

ጋምቤላ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ባለቤቴ ዘርአብሩክ፣

አዳማ እንዴት ይዛሃለች? ጨጓራህስ ተሻለህ? እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ ንዴቴ ግን እስካሁን አልበረደም። ባለፈው «ቤቱ ደረሰ ወይ?» ስትለኝ ስልኩን የዘጋሁብህ በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልነበረ ነው። አሁን ሁሉንም ልንገርህ።

ባሮ ዳር የነበረውን ግቢያችንን ሲያፈርሱ የገቡልንን ውል ታስታውሳለህ፤ አንተም ፈርመህበታል። አልሚው መሬቱን በርካሽ የወሰደው ከሚሠራቸው መቶ ቤቶች ሃያውን ለእኛ ለተነሺዎቹ አቅማችን በሚችለው ዋጋ ሊሰጥ ነበር። ሕንፃው አለቀ። ወዲያው የቤት ገበያው ቀዘቀዘና ሰማንያዎቹን የሚገዛ ጠፋ። ሰውየው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? «ከስሬያለሁ፤ የሃያዎቹ ግዴታ ይነሳልኝ» ብሎ ለከተማው ቤቶች ጽሕፈት ቤት አመለከተ። ተነሳለት! እኛን አንድ ሰው ሳይጠይቀን፣ በአንድ ገጽ ደብዳቤ! መሬቱን በርካሽ ሲወስድ ያተረፈው እሱ፣ ገበያው ሲወድቅ የምንከስረው እኛ!

ጎረቤታችን አባንግ፣ ዓሣ የምትሸጠው፣ ክረምቱን ከነልጆቿ ሸራ ሥር አሳለፈች። ትንሿን ልጇን ሁለት ጊዜ ለሳንባ ምች ያከምኳት እኔ ነኝ። ከሸራዋ ወጥታ ቀና ስትል የምታየው ሰው የማይኖርባቸውን ቤቶች መስኮት ነው።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ስብሰባ ተጠራ። የቤቶች ኃላፊው አቶ በሪሁን «ገበያው እስኪያገግም ታገሡ» አለን። አባንግ ብድግ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«ሲስተር፣ አንቺ ንባብ ታውቂያለሽ። ወረቀቱን አንብቢላቸው።»

ውሉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩላቸው። ገበያ ሲወድቅ ግዴታው ይቀራል የሚል አንድም መስመር የለበትም። አዳራሹ በጩኸት ተናጋ፤ ስብሰባው ተበተነ።

በሦስተኛው ቀን በሪሁን ጤና ጣቢያ ድረስ መጣ። በሩን ገርበብ አድርጎ፣ «ሲስተር፣ እርስዎ የመንግሥት ሠራተኛ ነዎት። ለእርስዎ አንድ ቤት ይፈቀዳል፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ባሮን የሚያይ። ብቻ ውሉን ይዘው መዞሩን ይተዉት» አለኝና ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

አልዋሽህም ዘርአብሩክ፣ አነሳሁት። «የራሳችን ቤት ካልተገኘ አልመለስም» ብለህ የሄድክበት ቀን ትዝ አለኝ።

«አሥራ ዘጠኙስ?» አልኩት።

«እነሱ ይጠብቃሉ።»

ቁልፉን መለስኩለት። ምን ላድርግ? ሦስተኛ ፎቅ ላይ ልብስ እያሰጣሁ የአባንግን ሸራ ቁልቁል ልመልከት? እንደምትቆጣ አውቃለሁ። ተቆጣ! ግን ያን ቁልፍ ብይዘው ኖሮ አንተ የምትመለሰው ወደማታውቃት ሴት ነበር።

ከዚያ በኋላ ሃያችንም ፈርመን ፍርድ ቤት ሄድን። ያልተማረው በጣቱ ፈረመ። ዳኛው ቤቶቹ ለሌላ እንዳይሸጡ አገደ፤ ክርክሩ ለታኅሣሥ ተቀጠረ። በዚያው ሳምንት ለእኔ ወደ ጎግ ወረዳ የዝውውር ደብዳቤ ደረሰኝ። «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» ይላል። አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ስሠራ ያልታያቸው ቅልጥፍና!

ፋይሉን ለአባንግ አስረከብኳት። «ማንበብ ባልችል መያዝ እችላለሁ» አለችኝ፣ በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አድርጋ። አለቀስኩ፤ ከንዴት ይሁን ከሌላ አላውቅም።

ሰኞ እሄዳለሁ። ለሠራተኛ የሚሰጠው አንዲት ክፍል ናት አሉ፤ ግን ሰፊ ናት፣ ከደጃፏም የማንጎ ዛፍ አለ። መኪናው ከጋምቤላ መናኸሪያ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ይነሳል፤ በአቦቦ በኩል ነው የሚሄደው። በየቀኑ አለ። እንዲሁ እንድታውቀው ያህል ነው የጻፍኩት።

እመቤቴ ማርያም ከክፉ ሁሉ ትሰውርህ፤ የምትበላውን ተጠንቀቅ።

ሙሉብርሃን