የሎሚው ኮክቴል አረፋ

ረቡዕ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቱሉ ዲምቱ

የመሥሪያ ቤታችን አዲሷ ኃላፊ ከሥራ በኋላ ቦሌ ወዳለ ላውንጅ ወሰደችን። ፍልሰታ ስለሆነ ምግቡን ሁሉ ትቼ በሎሚ የሚሠራ ኮክቴል አዘዝኩ። ግማሹን ከጠጣሁ በኋላ ባርቴንደሩን፣ "ይቺ ነጭ አረፋ ምንድን ናት?" አልኩት።

"የእንቁላል ነጭ ነው፣ እህቴ" አለኝ ኮራ ብሎ።

ኃላፊዋ እያየችኝ ነበር። ብርጭቆውን ለማስቀመጥ አፍሬ ጨረስኩት።

በሁለት ታክሲ ቤት ስደርስ እማዬ የጾም ፍርፍር ሠርታ፣ እሷም ሳትቀምስ እየጠበቀችኝ ነው። ፍልሰታ ሲፈታ አብረን ልንቆርብ ቃል ተገባብተናል።

"ዛሬስ ጾሙ አልከበደሽም ልጄ?" አለችኝ።

"ኧረ አልከበደኝም" አልኳት።

አልዋሸሁም፤ ጾሙን መግደፉም አልከበደኝም። የሚያስፈራኝም እሱ ነው።