ኮትህን አነገሥነው

ውድ አባዬ፣

ይህን ደብዳቤ እንደማታነበው አውቃለሁ። ሐኪሙም "የማስታወሱን ነገር ከእንግዲህ ብዙ አትጠብቂ" ብሎ ቁርጡን ነግሮኛል። ግን ወሬ ሲኖረኝ ከልጅነቴ ጀምሮ የማወራው ላንተ ስለሆነ ለሌላ ሰው ማውራት አላውቅበትም።

በዚህ ሳምንት አሥራ አንደኛ ክፍሎችን ያንን የጥንት ትራጄዲ አስጀመርኳቸው። አንተ ጡረታ እስክትወጣ እዚያው ክፍል ያስተማርከውን፣ ሽማግሌው ንጉሥ አገሩን ለሴት ልጆቹ የሚያከፋፍልበትን። እንዳንተው መጽሐፉን ሳላስገልጥ ከሰሌዳው ፊት ወንበር አስቀመጥኩና ግራጫ ኮትህን መደገፊያው ላይ ሰቀልኩት። "ንጉሡ ይኸውላችሁ፤ ምን ያህል እንደምትወዱት ንገሩት" አልኳቸው።

መጀመሪያ ሳቅ በሳቅ ሆኑ። ከኋላ የሚቀመጠው ቀልደኛ "ቲቸር፣ የኮቱን ቁልፍ የሚሰፋለት ሎሌ አጣ እንዴ?" አለ። አንዳንዶቹ እየወጡ ለኮቱ ውዳሴ አዥጎደጎዱለት። በመጨረሻ አንዲት ዝምተኛ ልጅ ተነሥታ ፊቱ ቆመች፣ ቆመች፣ "እኔ በአፌ አልችልም፤ ራሱ ያውቀዋል" ብላ ተቀመጠች።

ታሪኩን ስነግራቸው፣ ንጉሡ አእምሮውን ስቶ አላወድስም ስላለች ያባረራትን፣ ግን ከልቧ የምትወደውን ልጁን የማያውቅበት ላይ ስደርስ፣ ያቺው ልጅ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ በመጨረሻ ያውቃታል?"

"ያውቃታል" አልኳት። "ለጥቂት ጊዜ ቢሆንም ያውቃታል።"

እኔንም ያሞኘኝ ይኸው ቃል ነው። ቅዳሜ ኮትህን ለብሼ፣ መጽሐፉን ይዤ ሆስፒታል መጣሁ። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠህ የብርድ ልብስህን ጫፍ ታጥፋለህ፣ መልሰህ ትዘረጋለህ። ንጉሡ ልጁን የሚያውቅበትን ቦታ አነበብኩልህ። ቀና አልክ። ዓይንህ እንደ ድሮው ጠራ፤ መጣልኝ አልኩ።

"ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፤ ኋላ ያሉት አይሰሙም" አልከኝ።

ከፍ አድርጌ እንደገና አነበብኩ። እስክጨርስ ሰማኸኝ። አልቅሰሃል፣ አባዬ፤ እንባህን በመዳፍህ ስትጠርግ አይቼሃለሁ። ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አድርገህ፣ ጎበዝ ተማሪ በምታሞግስበት በዚያ ድምፅህ፣ "ጎበዝ። የማን ልጅ ነሽ?" አልከኝ።

ያንተ ነኝ ብልህ ስላላወቅከኝ ይቅርታ ትጠይቀኝ ነበር። እንደ እንግዳ ሰው ይቅርታ ስትለኝ መስማቱን አልችለውም።

"የአስተማሪ ልጅ ነኝ" አልኩህ።

"ያስታውቃል" አልክና ወደ ብርድ ልብስህ ተመለስክ።

ሰኞ የመጨረሻውን ትዕይንት እናነባለን። ኮትህ ወንበሩ ላይ ይሆናል። ያቺ ልጅ ደግማ ብትጠይቀኝ ያውቃታል እላታለሁ፤ መጽሐፉ የሚለው እንደዚያ ነው።

የአስተማሪው ልጅ