የሚሞቀው ግድግዳ

ጥቅምት 19

ዛሬም ዝናብ። ከቢሮ ስመለስ ካልሲዬ ሳይቀር ርሷል። ቤት ስገባ አባባ ሳሎን መሃል እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሟል። "ነይ እይ" አለኝ። ለካ አዲሱን የብረት ምድጃ ከጎረቤታችን ጋር እየገፉ፣ በድሮው የግንብ ምድጃ ውስጥ አስገብተውታል። ባለ መስታወት በር ነው፤ ያምራል፤ አልዋሽም።

ቧንቧውስ አልኩት። ከምድጃው አናት የሚነሳው ቧንቧ ክንድ አይሞላም። ጭስ ማውጫው ውስጥ ትንሽ ብቅ ይልና ያበቃል። ከዚያ በላይ ባዶ ግንብ!

"ጭሱ መንገዱን ያውቃል" አለኝ።

ዕድሜ ልኩን ግንበኛ የነበረ ሰው... ምን ትለዋለህ?

ጥቅምት 24

ልጄ ቁርስ ላይ፣ "እማዬ፣ ግድግዳዬ እኮ ይሞቃል" አለችኝ። ክፍሏ ከምድጃው በላይ ነው፤ ጭስ ማውጫው በራስጌዋ ያልፋል። ደስ ብሏታል። አባባም ደስ ብሎታል፤ በአንድ እንጨት ሁለት ክፍል አሞቅኩ እያለ ይኩራራል።

እኔን ደስ አላለኝም። ግንብ እስከዚህ ድረስ ይሞቃል እንዴ?

ጥቅምት 28

መዳፌን ግድግዳው ላይ አድርጌ መቁጠር ጀመርኩ። ስድስት ላይ አቃጠለኝና አነሳሁት።

ኅዳር 1

ግንበኛ አስመጣሁ። ሴት ናት። ከቁመቷ የተነሳ መሥሪያ ቤቷ ውስጥ "መሰላሏ" ነው የሚሏት። "አባቴ፣ እንደምን ዋሉ" ስትለው፣ አባባ ከላይ እስከ ታች አያትና "አንቺ ነሽ የእኔን ሥራ የምትፈትሺው?" አላት። የምገባበት ጠፋኝ።

እሷ ምንም አልመሰላት። ጣሪያ ላይ ወጥታ በገመድ ያሰረቻትን ትንሽ ካሜራ ወደ ታች ለቀቀች። ውስጡ ተሰነጣጥቋል፤ ጥቀርሻው እንደ ሬንጅ ያብለጨልጫል። ግንቡ ለዚህ ምድጃ በጣም ሰፊ ነው አለች፤ ጭሱ ሳይወጣ ይቀዘቅዝና ይለጠፋል፤ የተለጠፈው ደግሞ አንድ ቀን ራሱ ይነዳል። ጥቀርሻው ተጠርጎ፣ ከምድጃው አንገት እስከ ጭስ ማውጫው ጫፍ ድረስ አንድ ወጥ የማይዝግ ቧንቧ መግባት አለበት። እስከዚያ እሳት የሚባል ነገር የለም።

ከዚያ ግንበኛዋ ወደ ልጄ ክፍል ሄዳ ግድግዳውን ዳበሰች። ፊቷ ተለወጠ።

"አባቴ፣ ከዚህ ጀርባ እንጨት አለ?"

"የለም። የገነባሁት እኔ ነኝ።"

ግድግዳውን ከፍታ ሳታይ ቧንቧውን እንደማትገጥም ነገረችው። እንግዲያው አትግጠሚ ብሎ ሸኛት። የገዛ እንግዳዬን! እኔ እዚያው እንደ ዕቃ ቆሜ...

ኅዳር 2

ዛሬም አንድዷል! እየነገርኩት!

የእጄን ሥራ ለማንም አላስፈርስም አለ። ወደ ላይ ወጣሁ፤ የልጄን ፍራሽ እየጎተትኩ ወደ እኔ ክፍል ወሰድኩት። ደረጃው ላይ ቆሞ ያየኛል። ምን እያደረግሽ ነው አለ። ግድግዳው እስኪከፈት ልጄ እዚያ አትተኛም አልኩት።

"እኔን አታምኚኝም?"

"አላምንህም።"

አልኩት። በአርባ ዓመቴ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ግን ልክ ነኝ። ልክ ነኝ አይደል?

ኅዳር 3

ምድጃው አልነደደም። ቤቱ በረዶ ነው።

ኅዳር 5

ጠዋት የልጄን ሹራብ ላመጣ ክፍሏ ገባሁ። አባባ ፍራሽ በሌለው አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። በእጁ ከሰል። ግድግዳው ላይ በውሃ ልክ የተለካ የሚመስል ረጅም ሳጥን ሥሏል፤ ልክ ትራሷ ከነበረበት ከፍ ብሎ።

"ከዚህ እስከዚህ ነው" አለ።

"ምኑ?"

"የአባቴ ቤት ጉበን።"

የበሩ የላይኛው እንጨት። የአያቴ ቤት ሲፈርስ ማትረፍ የቻለው እሱን ብቻ ነበር። በትከሻው ተሸክሞ አመጣው። ይህን ቤት ሲሠራ ከጭስ ማውጫው ጎን ግንቡ ውስጥ ቀበረው። እናቴ እንኳ ሳታውቅ ሞተች። እንጨት እዚያ እንደማይገባ ሙያው አስተምሮት፣ እያወቀ! በክፍት ምድጃ ብዙ ክረምት ምንም ስላልሆነ፣ ምንም አይሆንም ብሎ ራሱን አሳመነ።

ያችን ሴትዮ ጥሪያት አለኝ።

የአባቱን በር መውደዱን ተረዳሁት፤ እሱ አይደለም ያናደደኝ። ስትጠይቀው "የለም" ማለቱ ነው። የልጅ ልጁ ራስ ከዚያ እንጨት አንድ ስንዝር ርቆ እያደረ፣ የለም! ልጄን ደግሞ ይወዳታል። እንዴት ነው ይህ አንድ ልብ ውስጥ የሚገባው?

ኅዳር 8

ግድግዳው ተከፈተ። ጉበኑ በጭስ ማውጫው በኩል ከስሏል። ግንበኛዋ በጣቷ ስትነካው ፍርስርስ አለ።

እንድትቆጣው ፈልጌ ነበር። አልተቆጣችም። የከሰል መስመሩንና እንጨቱን እያስተያየች፣ "አባቴ፣ አንድ ጣት እንኳ አልሳቱም" አለችው።

አባባ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። "ያውጡልኝ" አላት።

የተረፈውን ደጅ አቁሞታል። ይቃጠል አላለም። እኔም አልጠየቅኩም።

ኅዳር 14

ጥቀርሻው ተጠረገ፤ ቧንቧው ገባ። አንድ ወጥ፣ ከታች እስከ ላይ። ዙሪያው ተደፈነ፤ የእንጨቱ ቦታ በጡብ ተሞላ። ሽታ የሌለውን የጭስ መርዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ የሚጠቁም መሣሪያ ሳሎንም ልጄ ክፍልም ተሰቀለ። የመጀመሪያው እሳት በደረቅ እንጨት፣ ትንሽዬ። ግንበኛዋ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀምጣ ጠበቀች። ስትሄድ፣ ለጥቂት ሳምንት በየቀኑ መዳፋችሁን ግድግዳው ላይ አድርጉ፤ እስከ አሥር መቁጠር ካቃታችሁ እሳቱን ተዉና ጥሩኝ አለች።

ኅዳር 21

ልጄ ወደ ክፍሏ ከተመለሰች ሳምንቷ። ታኮርፋለች። ግድግዳዬን አያቴ አቀዘቀዘብኝ ብላ ለጎረቤት ሁሉ አወራች።

አባባን አሁንም ተቀይሜዋለሁ። ስለታረቅን አይደለም የምጽፈው። ግን ዛሬ ልጄ ከመተኛቷ በፊት ክፍሏ በር ላይ ቆሜ አየሁት። ጉልበቱ እያመመው ደረጃውን ወጥቶ፣ መዳፉን ግድግዳው ላይ አድርጎ በሹክሹክታ ይቆጥራል። አሥር ላይ ሲደርስ እጁን ያነሳል ብዬ ጠበቅኩ። አላነሳም። እንደገና ከአንድ ጀመረ።