ደህና ነኝ ያሉ ሰዎች ዝርዝር

ውድ ሲስተር፣

ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ከስልክዎ «1» የሚል መልስ ደረሰኝ። ደህና ነኝ ማለትዎ ነው። አላመንኩዎትም። ከእርስዎ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖረው የቢሯችን ጥበቃ ትናንት «ሲስተር እኮ ደረጃ ከወረዱ ሁለት ሳምንት ሆናቸው፤ እግራቸው አብጧል» ብሎኛል። ልብዎን እንደሚያምዎት እኔም አውቃለሁ። ነገ የሚጀምረው ሙቀት አምስት ቀን ይቆያል፤ ሌሊትም ፋታ አይሰጥም። እርስዎ ደግሞ መጨረሻው ፎቅ ላይ ነዎት፤ ከላይዎ ቆርቆሮ ብቻ ነው።

ስልኬን አያነሱልኝም። ባለፈው ወር መጥቼ አንኳኩቼም ነበር፤ ኮቴዬን ለይተው ዝም አሉኝ መሰለኝ። እውነትዎን ነው። ስለዚህ ይህን ጽፌ ለጥበቃው ሰጥቼዋለሁ፤ በበሩ ሥር ያስገባልኛል።

ከሥራ ያስወጣሁዎት እኔ ነኝ። የፈረመው የቢሯችን ኃላፊ ቢሆንም ነገሩን ያመጣሁት እኔ ነበርኩ። ሙቀት በመጣ ቁጥር እርስዎ ደብተርዎን ይዘው ቤት ለቤት ይዞሩ ነበር፤ ቢበዛ በቀን ሠላሳ ቤት። እኔ በየጠዋቱ፣ በአንድ ደቂቃ አራት ሺህ ሰው በስልክ የሚጠይቅ ሥርዓት ሠራሁ። «ነገ ከባድ ሙቀት ይኖራል። ደህና ከሆኑ 1፣ ካልሆኑ 2 ይጫኑ።» 2 ላለና ዝም ላለ ሰው የጤና ባለሙያ ይላካል፤ 1 ያለ ይታለፋል። ይቺን ሕግ የጻፍኳት በእጄ ነው፤ ጽፌም ኮርቼባት ነበር።

አንድ ቀን አብሬዎት ስዞር በየቤቱ ገና ሳይቀመጡ «እስቲ ውሃ አጠጡኝ» ይሉ ነበር። አሥረኛው ቤት ላይ «ሲስተር፣ ግመል ነዎት እንዴ?» ብዬ ሳቅኩብዎት።

«አንተ ሞኝ፣ መቼ ጠማኝ!» አሉኝ። «ተነስቶ ሲያመጣልኝ አረማመዱን አያለሁ፣ እጁን አያለሁ፣ ቤቱ ውሃ መኖሩንም አያለሁ። እንዴት ነህ ሲሉት ደህና የማይል ሰው እስቲ አሳየኝ! ‹የባሰ አታምጣ› እያለ ይሞታል እንጂ አመመኝ አይልህም።»

እኔ ግን ለኃላፊው ባቀረብኩት ወረቀት ላይ «ነርሷ ለአንድ ቤት ሃያ ደቂቃ ታጠፋለች፤ ከዚህም ብዙው ውሃ በመጠጣት ያልፋል» ብዬ ጻፍኩ። ይህን እስከ ዛሬ አልነገርኩዎትም። አፍሬ ነው።

አምና በመጀመሪያው ሙቀት፣ 1 ያለ ሰው ቤት በአረንጓዴ የሚታይበት የቢሯችን ካርታ በሙሉ አረንጓዴ ሆነ፤ ቢሮው አጨበጨበልኝ። በሦስተኛው ቀን ልብስ ሰፊው ሞቶ ተገኘ፤ ያ «የኔ ሐኪም» የሚልዎት ሽማግሌ። ወለሉ ላይ ነበር፤ ስልኩ እጁ ውስጥ። አስከሬኑን ያየው ሐኪም፣ ሽማግሌው ከወደቀ አንድ ቀን እንዳለፈው ነገረን። የመጨረሻው 1 የደረሰን ግን በተገኘበት ቀን ጠዋት ነው። ወድቆ፣ መነሳት አቅቶት፣ ደህና ነኝ አለን። ሴት ልጁ «አባዬ ሰው ማስቸገር አይወድም ነበር» ብላ እያለቀሰች ይቅርታ ጠየቀችኝ። እኔን!

ከዚያ ወዲህ የቆዩትን መልሶች አንድ በአንድ አየኋቸው። ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ደህና ነኝ ባዩም ይበዛል። የደከመው ሰው ማስረዳት ይታክተዋል፤ 1 መጫን ይቀለዋል። ለኃላፊው ባሳየው «አንድ ሽማግሌ ሞተ ብለህ ሥርዓቱን ልታፈርስ ነው? ካርታው አረንጓዴ ነው፤ ምን ያስፈራሃል?» አለኝ። እኔን የሚያስፈራኝ አረንጓዴው ነው። ዛሬ ከአራት ሺህ አንድ መቶ ሰው 2 ያሉት ዘጠኝ ብቻ ናቸው።

ከሰዓት በኋላ ማንንም ሳላስፈቅድ ያቺን «1 ያለ ይታለፋል» የምትል ሕግ ሰረዝኳት። ከነገ ጀምሮ ብቻውን የሚኖር ሽማግሌና አሮጊት ሁሉ ምንም ቢመልስ ቤቱ ይኬዳል። ሰባት መቶ ቤት ነው፤ ያሉን ባለሙያዎች ስድስት ናቸው። እንደማይዳረስ አውቃለሁ። የትኛው በር ላይ አርፍደን እንደምንደርስም አላውቅም። ኃላፊው ሲሰማ የሚያደርገኝን ያድርገኝ፤ እኔም ከስም ዝርዝሩ አንድ ገጽ ወስጃለሁ። ከገጼ የመጀመሪያው ስም የእርስዎ ነው።

ነገ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ በርዎ ላይ ነኝ። እባክዎን ስልኩን ይተዉት፤ አንዱንም አይጫኑ። ባይከፍቱልኝ አልቀየምም። ግን ከውስጥ ሆነው ይስደቡኝ። አፍዎ እንዳመጣልዎ ይስደቡኝ፤ ድምፅዎን ልስማው። ዝም ካሉኝ በሩን እሰብረዋለሁ።

የበደልኩዎት፣
«ባለ ኮምፒውተሩ» የሚሉኝ