ከዛፍሽ ፊት ያስቀመጥኩት ሳር

ለዘነበቼ፣

ከተለየሽኝ ወዲህ ሁለተኛው ማንጎ በሰለ። እዚያ ያለሽበትም ማንጎ ካለ፣ ልጣጩን እንደ ልማድሽ መንገድ ላይ እንዳትጥይ፤ መላእክቱን ታንሸራትቻቸዋለሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኛል፤ አንቺም ታዘሽኝ ስለማታውቂ ለምጄዋለሁ።

የምጽፍልሽ ተይዤ ነው። የያዘኝ ደግሞ የገዛ እጄ ነው።

ከጓሯችን በታች ያለው ቦረቦር ትዝ ይልሻል፣ የሲቀላ ሰው ቆሻሻውን የሚደፋበት፣ በየክረምቱ ጓሯችንን እየገመሰ የሚመጣው። ጫፉ ላይ የጎመን ዛፍሽን፣ ሽፈራውን፣ ስትተክዪ፣ ገደል በጎመን ይታሰራል ወይ ብዬ ስቄብሽ ነበር። አሰረው። አሁን ያ ቦረቦር መናፈሻ ሊሆን ነው። ሥራውን የምትመራው የልጅ ልጃችን ምሕረት ናት። ያቺ ገደሉን ፈርታ ቀሚስሽ ውስጥ ትደበቅ የነበረችው፣ ቢጫ ሄልሜት አድርጋ ወንዶቹን ታዛለች። ቆሻሻውን አስጠርጋ፣ ዳገቱን በእርከን አስቆርጣ፣ በሽቦ መረብ የታሰረ ድንጋይ ደርድራበታለች። ለልጆች መሮጫ፣ ለወጣቶች አግዳሚ ወንበር ይኖራል አለችኝ። ለሽማግሌስ ብላት፣ ለሽማግሌ ዝምታ አለ አለችኝ። ምላሷን ከማን እንደወረሰች አንቺ ታውቂያለሽ።

አንድ ቀን ግን ሳትቀልድ መጣች። ሽፈራውሽ ሊቆረጥ ነው። ከላይ ከሰፈሩ የሚወርደው ጎርፍ በዛፉ በኩል በቦይ ካልተመራ፣ አዲሱን ግንብ ከኋላው ገፍቶ ይጥለዋል፤ ማዶ ያሉትም ቤቶች ይወሰዳሉ። ሌላ መንገድ ፈልጋ ማጣቷን ስትነግረኝ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ዘነበቼ፣ እኔ አንቺን የማገኝሽ እዚያ ዛፍ ሥር ነው። ከበቆሎ ዱቄት ጋር ለምትቀቅይው ኩርኩፋ ቅጠሉን ስትሸመጥጪ፣ እኔ ከጎንሽ ተቀምጬ ከሰፌድሽ እየሰረቅኩ መልሼ ዛፉ ላይ ስሰካ፣ አንቺም አይተሽ እንዳላየ ስትሆኚ።

ኤክስካቫተሩ በሚመጣበት ጠዋት ቀድሜ ተነሳሁና እርጥብ ሳር ነጭቼ ከዛፍሽ ፊት መሬት ላይ አስቀመጥኩ። ለቀልድ ነበር። ትንሽ ይዘግዩ፣ ምሕረትም ትናደድልኝ ብዬ ነው። ኦፕሬተሩ ሥርዓታችንን የሚያውቅ የኦቾሎ ልጅ ሆኖ አረፈው። ሳሩን እንዳየ ሞተሩን አጠፋ፣ ወርዶ ኮፍያውን አወለቀ። ሽማግሌ ሳር ካስቀመጠ ጦር የመዘዘ ሰው እንኳ አይሻገርም፣ እኔ በብረት ልሻገረው ወይ ብሎ ሄደ። ከጫኖ ሌላ አስመጡ፤ እሱም አይቶ ተመለሰ።

እንግዲህ ጉዴን እይልኝ። ቀልድ ነበር ብል፣ አባቶቻችን ደም ያስቆሙበትን፣ እኔም ስንት ጠብ ያበረድኩበትን ሳር መቀለጃ አደረግሁት። ከልቤ ነው ብል፣ ዝናቡ ደርሷል፤ የማዶ ቤቶች በእኔ ሳር ይወሰዳሉ። ያስቀመጥኩት እኔ ነኝና ከእኔ በቀር የሚያነሳው የለም። ጎረቤቱ በፊት በር ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይለኛል፤ በጓሮ በር ስወጣ ሳሩ ያየኛል። እሁድ በቤተ ክርስቲያን ስለ ጽናቴ ተጸለየልኝ። አሜን ያላልኩት እኔ ብቻ ነኝ። ወጥመድ የገባች አይጥ እንኳ ማንም አክብሮ አይሰግድላትም፤ እኔ ግን ይሰገድልኛል፣ መውጫው የለም።

ከዚያ ዝናቡ ጣለ። ውሃው ከግንቡ ኋላ ተጠራቀመ፤ ማዶ፣ ታመሽ ሳለሽ ልብስሽን ታጥብልሽ የነበረችው አበበች ቤት ገባ። ፍራሿን አጥር ላይ አስጥታ አየኋት። እንደ ሌላው ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ምሕረት ጭቃ በጭቃ ሆና መጣች። ልትጮህብኝ ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ደጃፌ ላይ ተንበረከከች። በሁለት እጇ እርጥብ ሳር ይዛለች። ሳር ይዞ መለመን የሽማግሌ እንጂ የልጅ፣ ያውም የሴት ልጅ ሥራ አይደለም ልላት አፌን ከፈትኩ።

«አባባ፣ እማማን የወሰድኩብህ እኔ አይደለሁም» አለችኝ። «ሳርህን አንሳልኝ።»

በጓሮ የእኔ ሳር፣ በደጅ የእሷ ሳር። ወዴት ልሂድ ዘነበቼ? ክንዷን ይዤ አስነሳኋትና አብረን ወደ ጓሮ ሄድን። ጎንበስ ብዬ አነሳሁት። ጠውልጎ ቢጫ ሆኖ ነበር። ቀልድ እንደነበር ግን ለማንም አልተናገርኩም፤ ላንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ። ስትስቂብኝ ይሰማኛል።

ዛፍሽ ተቆረጠ። የኦቾሎው ልጅ አስቀድሞ አንድ ወፍራም ቅርንጫፍ ቆርጦ ሰጠኝ፤ ምሕረት ከግንቡ ወዲያ፣ ጎርፍ የማይደርስበት ቦታ ላይ ተከለችው። ቦዩ ተሠርቶ አልቋል፤ አበበችም ፍራሿን ወደ ቤቷ አስገብታለች። ጓሯችን ግን በሽቦ አጥር ታጠረ። የመናፈሻው በር በታች በኩል ነው፤ ያን ሁሉ ደረጃ ወርዶ የሚወጣ ጉልበት የለኝም። ለሽማግሌ የምትሆን ጠባብ በር ክፈችልኝ ብዬ ምሕረትን እለምናታለሁ፤ እስቲ እናያለን ትላለች። እምቢ ብትለኝም፣ ከእንግዲህ ሳር መንቀል አልደፍርም።

ስለዚህ ወንበሬን ከሽቦው ወዲህ አስቀምጬ የተተከለውን ቅርንጫፍ ስመለከት እውላለሁ። አቆጥቁጧል። እስኪጠነክር አልነካውም። ቅርንጫፉ አድጎ እስከ አጥሩ የደረሰ ቀን ግን፣ ጣቴን በሽቦው ቀዳዳ አሾልኬ አንዲት ቅጠል እሰርቅብሻለሁ። እስከዚያ ከዚህ ወንበር አልነሳም፣ አልረሳሽምም። አንቺም እንደ ድሮሽ፣ አይተሽ እንዳላየ ሁኚልኝ።

ያንቺው ሽማግሌ